ከሶፋው ይነሡልን!

በሐበሻ ቤት ፍቅር ከሚገለጽባቸው ቃላት ሁሉ «አርፈው ይቀመጡ»ን የሚያህል የለም። እናት ሰሃን ልታነሣ ብድግ ስትል «እማዬ፣ ተይው፣ እኔ አነሣዋለሁ»፤ አባት ወተት ልግዛ ብለው ጫማቸውን ሲፈልጉ «አባባ፣ እኔ እያለሁ?» ይባላል። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ተጠርተው ላስ ቬጋስ፣ ዳላስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገቡ ወላጆችን ደግሞ ይኸው ፍቅር እጥፍ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። መንገዱን አያውቁት፣ ቋንቋው አይገባቸው፣ መኪናው ያስፈራል፤ ስለዚህ ይቀመጣሉ። ጠዋት የልጅ ልጅ ይይዛሉ፣ ከሰዓት የአማርኛ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ማታ ከሥራ የገባው ልጃቸው ስኳራቸውን ለክቶ፣ መድኃኒታቸውን ቆጥሮ፣ «ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ?» ብሎ ይተኛል። ሁሉ ተሟልቷል። ከቤት መውጣት ብቻ ነው የጎደለው።

ዛሬ የማጫውታችሁ በእነዚሁ ወላጆች ዕድሜ ስለሚገኙ፣ ሳምንታቸው ግን ከብዙ ወጣት ሳምንት ስለሚደምቅ ባልና ሚስት ነው።

ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ከተነዳ ሴንት ጆርጅ የምትባል የዩታ ከተማ ትገኛለች። መንገዱ የአሪዞናን ጥግ ቆርጦ በቨርጂን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሲያልፍ ገደሉ ከግራም ከቀኝም ይጠጋችኋል፤ ሹፌር ካልሆናችሁ አንገታችሁ እስኪዞር ታያላችሁ። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1861 የቆረቆሯት ሞርሞኖች ናቸው። እዚያ የብሪገም ያንግ የክረምት ቤት የሚባል ታሪካዊ ቤት አለ፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ መሪ የነበረው ያንግ በ1870ዎቹ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ የሚከርምበት ነበር። ቤቱን በነጻ የሚያስጎበኙት ሚስዮናውያን ናቸው። ሚስዮናዊ ሲባል ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በር የሚያንኳኩት ወጣቶች ትዝ ካሏችሁ፣ እነዚህኞቹ ሌሎች ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ አንዳንዱም በጆሮው መስሚያ ያደረገ ባልና ሚስት ናቸው።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ጥንዶች ከ6 እስከ 23 ወር ለሚደርስ አገልግሎት መሄድ ይችላሉ። ደመወዝ የለውም፤ የሚበሉትንም የሚነዱበትንም ከኪሳቸው ይችላሉ። አንዳንዱ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል፣ አንዳንዱ የቤተሰብ ታሪክ መዝገብ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ እንደ እኔ ወዳጆች አሮጌ ቤት ያስጎበኛል። ባልየው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ሚስትየዋ ነርስ ነበሩ። ሁለቱም ሰባን ተሻግረዋል። በሃይማኖት አንገናኝም፤ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ይህን ያውቃሉ፣ አንድም ቀን ክርክር አላነሡብኝም። ቡና ግን አይጠጡም። ለሐበሻ ይህ ከነገረ መለኮቱ ልዩነት ሁሉ የከበደ ነው።

የወደድኩላቸው የሳምንታቸውን አያያዝ ነው። እኛ ብዙዎቻችን ሕይወትን በየመሳቢያው ከፋፍለን እንኖራለን፦ ጤና ለጂም፣ እግዚአብሔር ለእሑድ፣ ቤተሰብ ለበዓል። እነዚህ ሰዎች መሳቢያ የላቸውም። ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከከተማው ጥግ ወዳለው ስኖው ካንየን ይሄዳሉ። ስሙ በረዶን የሚጠራ ቢመስልም ስኖው የሰው ስም ነው፤ ስፍራው በረሃ ነው። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ዐለት ተደፍቶበታል። መኪናቸውን ያቆሙና ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው አጭር ጸሎት ያደርሳሉ። ከዚያ ሚስትየዋ ከቦርሳቸው ጠርዟ የተቀዳደደች ትንሽ ወረቀት ያወጣሉ። የልጅ ልጆቻቸው ስም ዝርዝር ናት። ያ ጠዋት የአንዱ ልጅ ጠዋት ነው። ስለ እሱ ይጸልያሉ፣ ስለ እሱ እያወሩ ይራመዳሉ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን እንሽላሊት ወይም አበባ ፎቶ አንሥተው ለእሱ ይልኩለታል። ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ እንሽላሊቱ ይደርሰዋል።

ይህ ሁሉ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በአንዲት አርባ ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለቀ አስቡት! የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመርበት ይላል፤ መውደቅ የአረጋውያን ትልቁ ጠላት ነውና። የእኔ ወዳጆች አምስት ጠዋት ሲወጡ ከሚመከረው በላይ ሆነዋል፤ ያውም ደቂቃ ሳይቆጥሩ። ሚዛኑን ወጣ ገባው ዐለት ያስተምራቸዋል። የሚስትየዋ አንድ ጉልበት በቀዶ ሕክምና የተቀየረ ነው። ስለዚህ ፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው፣ ባል ከኋላ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «እኔ ፊት ከሄድኩ እሷ ትሮጣለች፤ እሷ ፊት ከሄደች እኔ ዐርፋለሁ» አሉኝ። የሒሳብ አስተማሪ መልስ ነው።

ሰኞ ማታ ሌላ ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ማታ የቤተሰብ ነው፤ በሳምንት አንድ ምሽት ለቤተሰብ የመስጠቱ ልማድ ከ1915 ጀምሮ የመጣ ነው። ልጆቻቸው በአራት ክፍለ ግዛት ተበትነዋል፤ ስለዚህ በቪዲዮ ይገናኛሉ። አንዱ የልጅ ልጅ ትሮምቦን ይነፋል፣ ጆሮ ያለው ሰው ይታገሣል፣ አያቶቹ ያጨበጭባሉ። አጠር ያለ ንባብና ጸሎት አለ። በመጨረሻ ካርታ ይዘረጋና የቅዳሜን መንገድ ልጆቹ ይመርጣሉ። ይህቺን ልብ በሉልኝ። አያቶቹን የሚያወጣቸው የልጅ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ «አያቴ፣ በዚህ ሳምንት እዚህ ሸለቆ ሄዳችሁ ንገሩኝ» ብሎ ካዘዘ፣ ዝናብም ቢሆን ይወጣል። እኛ ቤት የልጅ ልጅ የአያት ሥራ ነው፤ እዚያ ግን አለቃ ነው።

እሑድ ሁለት ሰዓት ያህል ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ከዚያ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ያንቀላፋሉ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይጾማሉ፤ ሁለት ማዕድ ትተው የማዕዱን ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ሚስትየዋ ይህን ሲያስረዱኝ ቆም አሉና ከየት እንደሆንኩ ደግመው ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ። «ለናንተ እኮ ጾመናል» አሉ።

እውነት ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1985፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በአሜሪካና በካናዳ ለኢትዮጵያ ብለው ልዩ ጾም ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዓለም አቀፍ የርዳታ ሥራ መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። ሴትየዋ ያኔ ትንንሽ ልጆች የያዙ እናት ነበሩ። ምሳ የተዉላት አገር የት እንዳለች ከካርታ ፈልገው ለልጆቻቸው እንዳሳዩ ነገሩኝ። እኔ ያኔ የት ነበርኩ? ወሎ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማውራት አልቻልንም፤ ሰውየው ብርቱካን ልጠው አካፈሉን።

እንግዲህ አንዳንዱ አንባቢ «እነሱ ጡረታ አላቸው፣ ኢንሹራንስ አላቸው» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ገንዘብ ይረዳል። ግን የጠዋት መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞስ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ግሸን ማርያምን ለመሳለም በመስከረም 21 አምባውን የሚወጡት እነማን ናቸው? ከዘራ የያዙ፣ ጋቢ ያጣፉ፣ ስንቃቸውን በአገልግል የቋጠሩ እናቶችና አባቶች ናቸው። ቁልቢ በእግራቸው የሚሄዱ አሉ። በጥቅምትና በመጋቢት አምስት የዝቋላን ተራራ ወጥተው፣ ከአናቱ ያለውን ሐይቅ አይተው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ተሳልመው የሚወርዱ አሮጊቶችን አንዴ ለተመለከተ ሰው የጂም ማስታወቂያ ሁሉ ቀልድ ይሆንበታል። በባሌ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚጓዙት አረጋውያን ጫፉ ሹካ የመሰለውን በትር ይዘው ስንት ቀን ይሄዳሉ። እምነት፣ ተራራ፣ ቤተሰብ በአንድ ስንቅ ተቋጥረው ነበር የሚኬደው። እናቶቻችን ይህን ጥለው አልመጡም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በዊልቸር የተቀበልናቸው ጊዜ እኛ ነን ያስቀመጥንባቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ካሌብ አለ። ኢያሱ ፊት ቀርቦ ርስቱን ሲጠይቅ 85 ዓመቱ ነው። ለጥ ያለውን ሜዳ አልጠየቀም። የጠየቀው ተራራውን ነው፣ ያውም ግዙፋን ሰዎች የተመሸጉበትን። አብርሃምም ከካራን ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ማንም ልጅ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜ?» ብሎ እጁን አልያዘውም፤ ያኔ ልጅም አልነበረውም።

እቴቴን፣ አክስቴን፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያገናኘኋት በጥቅምት ወር ቅዳሜ ቀን ነው። በሴንት ጆርጅ ጥቅምት የሽማግሌዎች ወር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ 50 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ውጪ የማይገባበት የስፖርት ውድድር ይካሄድባታል፣ ከ10 ሺህ በላይ ተወዳዳሪም ይመጣል። መንገድ ላይ ቁምጣ የለበሱ፣ ሜዳሊያ ያንጠለጠሉ አያቶች ሲያልፉ እቴቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። የሄድነው ከከተማው አንድ ሰዓት ወደማይሞላ ርቀት፣ ወደ ጽዮን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1919 ነው ይህን ስም ይዞ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው። በአብዛኛው ወራት ወደ ውስጠኛው ሸለቆ የግል መኪና አይገባም፤ ነጻ አውቶቡስ አለ። እቴቴን ጉልበቷን ከአገር ቤት ጀምሮ ያማታል። የልጅ ልጇን ስኒከር በወፍራም ካልሲ አድርጋለች፣ ነጠላዋን አልተወችም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ አለ።

አውቶቡሱ የአበው አደባባይ የሚባለው ፌርማታ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው የሦስቱን ተራሮች ስም ጠራ፦ አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ። በዚያ ሸለቆ ካሉት ዐለቶች ብዙዎቹን በ1916 የሰየማቸው የሜቶዲስት ቄስ ነው። እቴቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ይህን ግን ሰማች። ብድግ አለች። «የት አሉ? የትኛው ነው አብርሃም?» ከኋላ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው በጣቱ አሳያት። አማተበች፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፈገግ አለ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አልተቀመጠችም።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ፣ ደርሶ መልስ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሆነ፣ የተነጠፈ ለጥ ያለ መንገድ አለ። ባልየው ግን ከልጅ ልጆቻቸው ሁለቱን ይዘው ቀደም ባለው ፌርማታ ወርደው ወደ ላይኛው መንገድ ሄደዋል። እዚያ የመላእክት ማረፊያ የሚባል ጫፍ አለ፤ የመጨረሻው ክፍል ሰንሰለት እየጨበጡ በገደል አፋፍ የሚወጣበት ነው፣ ከ2022 ጀምሮም በዕጣ ፈቃድ ካልደረሳችሁ አትወጡም። ሰውየው ከሰንሰለቱ በፊት ካለው ሜዳ ይመለሳሉ። «ሰንሰለቱን ለእነሱ ትቻለሁ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቅሬታ የለም። ጀብዱ ማለት አጥንት መስበር የሚመስላችሁ ካላችሁ እኚህን ሰው እዩ፤ ልካቸውን ያውቃሉ፣ ልካቸው ድረስ ግን ይሄዳሉ።

እኔ ሴቶቹን ይዤ በወንዙ ዳር ቀረሁ። መጀመሪያ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስንት ልጅ አሏት? ስንት የልጅ ልጅ? ጉልበቷን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት? ትንሽ ቆይቶ አልፈለጉኝም። ልጆቻቸውን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ስድስትና አምስት። ሚስትየዋ የቀዶ ሕክምናውን ጠባሳ አሳዩ፣ እቴቴ ደግሞ የራሷን ጉልበት ዳሰሰችና «እንዲህ ነው እንግዲህ» አለች። ዘመናዊ የእግር ጉዞ በትር ቢሰጧት አልቀበልም ብላ በከዘራዋ ጸናች። ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ከመንገዱ አጋማሽ አለፍ ብሎ ከገደሉ ፊት ውኃ ይንጠባጠባል። በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ እዚያ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ውኃ ነው፤ በርጥበቱ ላይ ቅጠላ ቅጠል ተንጠልጥሎ በቅሏል። እቴቴ ቆመች። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጸበል አለ ብለህ አትነግረኝም ነበር?» ብላ ተቆጣች። ጸበል አይደለም ማለት አያዋጣም። በመዳፏ ተቀብላ ፊቷን ታጠበች፣ ጉልበቷን አስነካች። ነርስ የነበሩት ሴትዮ ትንሽ አይተዋት መነጽራቸውን አወለቁና እሳቸውም መዳፋቸውን ዘረጉ። ባዶ ሃይላንድ ስትጠይቀኝ ብቻ ነው እምቢ ያልኳት፤ ፓርኩ ያልተጣራ ውኃ እንዳይጠጣ ያስጠነቅቃል፣ የሚስዮናዊቷም ነርስነት በዚህ በኩል በረታ።

መንገዱን ጨርሳ ተመለሰች። ልጇ በማግሥቱ ደውላ «እማዬ ደከማት?» አለችኝ። ስልኩን ለራሷ ሰጠኋት። ድካሙን አላወራችም፤ ስለ ይስሐቅ ነው ያወራችው።

ስለዚህ ወላጅ ያላችሁ፣ የምትጀምሩበትን ልንገራችሁ። ሐኪማቸውን ጠይቁ፣ ጫማ ግዙ፣ ለጥ ያለ መንገድ ምረጡ፣ ጠዋት ውጡ፣ ውኃ ያዙ። አዲስ አበባ ያላችሁ እንጦጦ አለላችሁ፤ ማርያምን ተሳልሞ በጫካው ውስጥ መመለስ ለአንድ ቅዳሜ ይበቃል። መንገዱን ልጆቹ ይምረጡት። ፍጥነቱን ደግሞ እናት ይወስኑት።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ዕድሜያቸው 62 የሞላ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ካርድ ማውጣት ይችላሉ። ዲቪ ያመጣቸውም ልጅ የጠራቸውም ወላጆች ይገባቸዋል። ካርዱ ባለቤቱን ብቻ አይደለም የሚያስገባው፤ በአንድ የግል መኪና አብሮ የተሳፈረውን ሁሉ ነው። ጽዮን ያለ ካርድ ለአንድ መኪና 35 ዶላር ይጠይቃል። ታዲያ ባለ ካርዱ መኪናው ውስጥ መኖር አለበት።

ይህን ለእቴቴ ካስረዳኋት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሥልጣን ተገለባበጠ። ካርዷን ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጋር በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ባለፈው የልጅ ልጆቿ ለብቻቸው ወደ ብራይስ ካንየን ሊሄዱ ሲመካከሩ ሰምታ፣ ከሶፋው ሳይሆን ከበሩ አጠገብ፣ ስኒከሯን እያሰረች ነው ያገኘኋት። «ይሂዱ» አለችኝ፤ «እኔን ከተዉ ግን ይከፍሏታል!»